ነፋስ መቀበል፦ የዘጌ ደን፣ የጣና ዳርቻና የአእምሮ ጤና በወረርሽኝ ወቅት

በመጋቢት ወር 2012 ዓ.ም. መገባደጃ ላይ የባሕር ዳር ከተማ ለ14 ቀናት ከእንቅስቃሴ ተገታች። የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ሕመምተኛ በኢትዮጵያ መገኘቱ የተነገረው በዚያው ወር በ4ኛው ቀን ነበር። ትምህርት ቤቶች በቀናት ልዩነት ተዘጉ፤ መጋቢት 30 ቀን ደግሞ በመላ አገሪቱ የአስቸኳይ ጊዜ ዐዋጅ ታወጀ። በዘንባባ ያጌጡት የከተማዋ ጎዳናዎች ጭር አሉ። ሐይቁ ከብዙዎች ቤት ጥቂት መቶ ሜትር ርቆ እንደ ወትሮው ተንጣሎ ሳለ፣ ማታ ማታ ወደ ዳርቻው ወርዶ መቀመጥ የለመደ ሰው በር ዘግቶ ዜና ማድመጥ ግዴታው ሆነ።

ሰው ሲጨንቀው «ቤቱ ጠበበኝ» ይላል። ሐኪም ሳያዘው «እስኪ ወጣ ብዬ ነፋስ ልቀበል» ብሎ ከደጅ ይወጣል። ይህ አነጋገር ከዘመናዊው የአእምሮ ጤና ትምህርት በፊት የነበረ ነው፤ ትምህርቱም ቆይቶ የደረሰበት እዚያው ነው። ዛፍ፣ ውሃ፣ የወፍ ድምፅና ክፍት ሰማይ የተጨነቀን አእምሮ ያሳርፋሉ። ይህ ክፍል ያ ዕረፍት እንዴት እንደሚገኝ፣ ወረርሽኙ ባለበት ጊዜ እንዴት ያለ አደጋ ሊገኝ እንደሚችልና የት ላይ እንደሚያበቃ ያስረዳል። ምሳሌው የተወሰደው ከዘጌ ነው።

ዘጌ

ዘጌ ከባሕር ዳር በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ ወደ ጣና ሐይቅ ዘልቆ የገባ ባሕረ ገብ መሬት ነው። ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚገኝ፣ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍንና በኢትዮጵያ ካሉት ሐይቆች ሁሉ ትልቁ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ከነአካባቢው በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ሐይቁን የሚያዋስነው አብዛኛው መሬት ታርሶ ዛፍ አልባ ሲሆን ዘጌ ግን በደን ተሸፍኖ ቆይቷል። ምክንያቱም የታወቀ ነው፤ በዘጌ አይታረስም። ከጥንት ሲወርድ በመጣው ሥርዐት መሠረት በሬ ጠምዶ ማረስና የቀንድ ከብት ማርባት የተከለከለ ነው። ትውፊቱ ይህን ሥርዐት የሚያያይዘው ከአቡነ በትረ ማርያም ጋር ሲሆን፣ ቡናም በዘጌ የበቀለው በጻድቁ በትር ምክንያት እንደሆነ ይነገራል። ሕዝቡ የሚኖረው በቡና፣ በጌሾ፣ በሎሚና በሌሎችም ፍራፍሬዎች ነው። ቡናው ደግሞ ጥላ ይወዳልና ዋንዛው፣ ብርብራውና ሰሳው አብረው ይጠበቃሉ።

ከጀልባ ወርዶ ወደ ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚወጣ ሰው የሚያገኘው ጠባብ የእግር መንገድ ነው። ግራና ቀኙ ቡና ነው፤ ከቡናው በላይ የትልልቆቹ ዛፎች ቅርንጫፍ ይደራረባል፤ ፀሐይ በቅጠሉ መካከል ሾልካ መሬቱን ታዥጎረጉረዋለች። ጦጣ ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ይዘላል። ዝናብ ካገኘ ከጥቂት ቀናት በኋላ ቡናው በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ ሽታው ከሩቅ ይጣራል። እንዲህ ባለ መንገድ ላይ ተቻኩሎ የሚሄድ ሰው እምብዛም አይታይም፤ እርምጃው ሳያውቀው ይዘገያል፣ ድምፁም ይቀንሳል።

ከዘጌ ውጭም ቢሆን የአገራችን ሰው ዛፍን ለጥላው ብቻ አላከበረም። ሽማግሌዎች የተጣላን የሚያስታርቁት በዋርካ ሥር ነው፤ በኦሮሞ ሕዝብ ዘንድ የኦዳ ዛፍ የጉባኤና የእርቅ ሥፍራ ነው፤ በሰሜኑ የአገሪቱ ክፍል ከሩቅ የሚታይ ደን ሲኖር በመካከሉ ቤተ ክርስቲያን እንዳለ መንገደኛ ያውቃል። ንዴት ያለበት ሰው ከመናገሩ በፊት በዛፍ ጥላ ሥር እንዲቀመጥ መደረጉ በአጋጣሚ አይመስልም።

በአእምሮ ውስጥ ምን ይሆናል?

ሥጋት ሲያጋጥም ሰውነት ለመከላከል ይዘጋጃል። ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ኮርቲሶል የተባለው ንጥረ ነገር በደም ውስጥ ይጨምራል። ሥጋቱ አልፎ የሚሄድ ከሆነ ይህ ዝግጅት ጠቃሚ ነው፤ ጅብ ያየ ሰው እንዲሮጥ ያደርገዋል። ወረርሽኝ ግን እንደ ጅብ ታይቶ የሚጠፋ አይደለም። ወራት ይቆያል፣ ዐይን አያየውም፣ በየቀኑም በቁጥር ይነገራል። ስለዚህ ሰውነት የተወጠረውን ሳያላላ ይከርማል፤ እንቅልፍ ይዛባል፣ ትዕግሥት ያልቃል፣ በትንሹም በትልቁም ሆድ ይብሳል።

ሁለተኛው ነገር የትኩረት ድካም ነው። አእምሮ በፈቃድ የሚያተኩርበት ኀይል ውስን ነው። እጅ መታጠብን ማስታወስ፣ ርቀት መጠበቅ፣ ልጆችን ቤት ውስጥ ማስጠናት፣ የገበያውን ዋጋ ማስላት፣ የትኛው ወሬ እውነት የትኛው ሐሰት እንደሆነ መለየት፣ ይህ ሁሉ ያንኑ ኀይል ይጠቀማል። በተቃራኒው የሐይቅ ሞገድ፣ የቅጠል እንቅስቃሴ ወይም ዓሣ ለማጥመድ የሚያንዣብብ ንስር ሲታይ ትኩረት ሳይገደድ ይሳባል። ያን ጊዜ የደከመው ክፍል ያርፋል። ከእንዲህ ያለ ሥፍራ የተመለሰ ሰው «ቀለል አለኝ» ሲል የሚናገረው ይህንኑ ነው።

ሦስተኛው መብሰልሰል ነው። «ብያዝስ? እናቴ ብትያዝስ? ሥራዬ ቢቀርስ?» እያሉ አንዱን ሐሳብ ደጋግሞ ማመላለስ ከድባቴ ጋር በጥብቅ የተያያዘ ልማድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን በሁለት ከፍሎ ለ90 ደቂቃ እንዲራመዱ አደረገ፤ ግማሾቹ ዛፍና ሣር ባለበት፣ ግማሾቹ ተሽከርካሪ በሚበዛበት ጎዳና። በተፈጥሮ ሥፍራ የተራመዱት የመብሰልሰል ስሜታቸው ቀንሶ ተገኘ፤ ከዚህ ስሜት ጋር የተያያዘው የአንጎል ክፍል እንቅስቃሴም እንዲሁ። የተጠኑት ሰዎች 38 ብቻ ስለነበሩ ጥናቱ ብቻውን የመጨረሻ ማስረጃ ተደርጎ መወሰድ የለበትም። ሆኖም ወደ ተመሳሳይ ድምዳሜ የሚያመሩ ሌሎችም አሉ።

ከእነዚህ ሁሉ ቀደም የሚለውና ለዚህ መመሪያ አንባቢ ይበልጥ የሚጠቅመው እ.ኤ.አ. በ1984 የታተመው የሮጀር ኡልሪክ ጥናት ነው። ኡልሪክ በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ግዛት በሚገኝ አንድ ሆስፒታል የሐሞት ከረጢት ቀዶ ሕክምና የተደረገላቸውን 46 ሰዎች መዝገብ መረመረ። ግማሾቹ የተኙበት ክፍል መስኮት ዛፍ ያሳያል፤ የግማሾቹ መስኮት የጡብ ግንብ ያሳያል። በዕድሜ፣ በጾታና በመሳሰሉት ጥንድ ጥንድ ተደርገው ሲነጻጸሩ፣ ዛፍ ያዩ የነበሩት ከሆስፒታል ቀድመው ወጡ፤ የወሰዱት ጠንካራ የሕመም ማስታገሻም አነስተኛ ነበር። እነዚህ ሰዎች በደን ውስጥ አልተራመዱም። አልጋ ላይ ተኝተው በመስኮት ነበር ያዩት። በለይቶ ማቆያ ለሚገኝ ሰው ወይም በሕመም ምክንያት መውጣት ለማይችል አረጋዊ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ አልጋውን ወደ መስኮት ማዞር ምንም ወጪ አይጠይቅም።

መጠኑን በተመለከተ እ.ኤ.አ. በ2019 በእንግሊዝ አገር ወደ 20,000 በሚጠጉ ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት በሳምንት በድምሩ 120 ደቂቃና ከዚያ በላይ በተፈጥሮ ሥፍራ የሚያሳልፉ ሰዎች ጤናቸውና ስሜታቸው መልካም እንደሆነ የመናገር ዕድላቸው ከማይወጡት የበለጠ እንደሆነ አመልክቷል። ጊዜው በአንድ ቀን ቢያልቅም በየቀኑ ቢከፋፈልም ልዩነት አልታየም። በዚያው ዓመት የታተመ ሌላ አነስተኛ ጥናት ደግሞ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ በተፈጥሮ ሥፍራ መቆየት የኮርቲሶልን መጠን በጉልህ እንደሚቀንስ አሳይቷል። ጃፓኖች ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ ለዚህ ልማድ «በደን መታጠብ» የሚል ትርጉም ያለው ስም ሰጥተው ሕዝባቸውን ያበረታታሉ። ጠበል ለለመደ አገር ያለ ውሃ መታጠብ እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ ይሁንና ሐሳቡ አይከብድም፤ ምንም ሳይሠሩ፣ ሳይቸኩሉ፣ ስልክ ሳይነካኩ በዛፎች መካከል መቆየት ነው።

ደኑ እንጀራቸው ለሆነ ሰዎች

እስካሁን የተባለው ሁሉ ደንን እንደ ማረፊያ የሚያይ ነው። የዘጌ ሰው ግን ደኑን ለማረፍ አይሄድበትም፤ ይኖርበታል፣ ይሠራበታል። ቡና የምትለቅም ወይም የማገዶ እንጨት ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርድ ሴት ከሠላሳ ደቂቃ በላይ በዛፎች መካከል ትውላለች፤ ይህ ማለት ግን ጭንቀት የለባትም ማለት አይደለም። ወረርሽኙ ጎብኚዎችን ሲያስቀር የጀልባ ነጂው፣ አስጎብኚው፣ በመንገዱ ዳር የእጅ ሥራ የምትሸጠው ወጣት ሁሉ ገቢያቸው ተቋረጠ። ገቢው የቀረበትን ሰው «ወጣ ብለህ ዛፍ እይ» ብሎ ማጽናናት ከመርዳት ይልቅ መናቅ ይሆናል። የኑሮ ችግር የሚቃለለው በእርዳታ፣ በብድር፣ በዕድርና በጎረቤት መደጋገፍ ነው። ተፈጥሮ በዚህ ውስጥ ያለው ድርሻ የተጨነቀው ሰው እንዲያስብና እንዲወስን የሚያስችል ጥቂት ዕረፍት መስጠት ነው፤ ከዚያ ያለፈ አይደለም።

ለእንዲህ ያሉ ሰዎች የሚጠቅመው ምክር ከከተሜው የተለየ ነው። ቀኑን በደን ውስጥ ሲደክም የዋለ ሰው ሥራውን ሲጨርስ ሸክሙን አውርዶ፣ የሚቆጥረውና የሚመዝነው ነገር ሳይኖር ለጥቂት ደቂቃ ቢቀመጥ ሰውነቱ ሥራውንና ዕረፍቱን ይለያል። የቡና መጠራራት ልማድም መታሰብ አለበት። ቤት ውስጥ ተሰብስቦ ቡና መጠጣት በበሽታው ምክንያት ሲቀር የቀረው ሲኒው ብቻ አልነበረም፤ ጭንቀትን አውጥቶ የመናገሪያው ሰዓት ነው። ጀበናው ወደ ግቢው ዛፍ ሥር ቢወጣ፣ ተቀማጮቹ ከአራት ባይበልጡና በመካከላቸው ሁለት የአዋቂ እርምጃ ርቀት ቢኖር፣ ሁሉም በየራሱ ሲኒ ቢጠጣ፣ ወጉ ሊቀጥል ይችላል።

ያለ አደጋ እንዴት ይወጣል?

ቫይረሱ በዋናነት የሚተላለፈው ከተያዘ ሰው አፍና አፍንጫ በሚወጡ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ነው። አየር በሚዘዋወርበት ክፍት ሥፍራ የመተላለፍ ዕድሉ ከተዘጋ ክፍል ያነሰ ነው፤ ሰው በተጨናነቀበት ግን ክፍት ሥፍራም አያስጥልም። ስለዚህ ወደ ሐይቅ ዳርቻ ወይም ወደ መናፈሻ የሚሄድ ሰው ማለዳውን ቢመርጥ መልካም ነው። ጭምብል ሊለይ አይገባውም፤ ከሰው ሲርቅ ሊያወርደው፣ ሲቀርብ ሊያደርገው ይችላል። የተጨናነቀ ታክሲ ወይም ጀልባ ተሳፍሮ ደን ለማየት መሄድ ትርፉ ኪሳራ ነው፤ በእግር የሚደረስበት አንድ የብሳና ዛፍ ይሻላል። ትኩሳት፣ ሳል ወይም የመተንፈስ ችግር ያለበት ሰው፣ እንዲሁም ተለይቶ እንዲቆይ የታዘዘ ሰው፣ ከመኖሪያው መውጣት የለበትም።

ብዙ የከተማ ነዋሪ ግቢ የለውም። ኪራይ ቤት ውስጥ የሚኖር ቤተሰብ በአሮጌ ጣሳ ጤና አዳም ወይም በሶብላ ተክሎ በመስኮት ላይ ቢያስቀምጥ፣ በየጠዋቱ ውሃ የማጠጣቱን ሥራ ለልጆች ቢሰጥ፣ ቅጠሉን በጣት ጨምቀው ቢያሸቱት፣ ይህም እንደ አቅሙ ይቆጠራል። ልጆች ትምህርት ቤት በተዘጋበት ጊዜ በቀን የሚሮጡበትን ሥፍራ በማጣትም ተጎድተዋል፤ ወላጅ አንድ ልጅ በጉንዳን ሰልፍ ፊት ቁጢጥ ብሎ ግማሽ ሰዓት ቢያሳልፍ ጊዜ እንዳባከነ ሊቆጥርበት አይገባም።

ስልክን ቤት ትቶ መውጣት የሚመከረው ለብልኀት ብቻ አይደለም። በዋርካ ሥር ተቀምጦ የሟቾችን ቁጥር የሚያነብ ሰው አካሉ ይውጣ እንጂ አእምሮው ከቤት አልወጣም። ዜናን በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ ከታመነ ምንጭ መከታተል በቂ ነው።

የጣና ዳርቻ የራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በሐይቁ ዙሪያ፣ ዘጌን ጨምሮ፣ ቢልሃርዝያ የተባለው በሽታ አለ። የበሽታው ተሕዋስ በውሃ ውስጥ ከሚኖሩ ቀንድ አውጣዎች ወጥቶ ቆዳን በመብሳት ወደ ሰውነት ይገባል። ስለዚህ በዳርቻው መቀመጥና መራመድ እንጂ እግርን ውሃ ውስጥ መንከርና መዋኘት አይመከርም፤ ልጆች በተለይ ሊከለከሉ ይገባል። (ኢትዮጵያዊው ሳይንቲስት ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዶድ እነዚህን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል በዓድዋ ያስተዋለው፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ምንጭ ዳር ቆም ብሎ በማየቱ ነበር።) ፀሐይ ስትጠልቅ የወባ ትንኝ ይነሣል፣ ጉማሬም ለግጦሽ ከውሃ ይወጣል፤ ከምሽት በፊት መመለስ ያስፈልጋል። ሴቶችና ወጣቶች ጭር ወዳለ ደን ብቻቸውን ባይገቡ ይመረጣል፤ ደኅንነት የማይሰማው ሰው በተፈጥሮ ውስጥ ቢሆንም አያርፍም።

ዛፍ ሐኪምን የማይተካበት ጊዜ

በወረርሽኝ ጊዜ መፍራትና ማዘን የሰው ወግ ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንቅልፍ ያጣ፣ ምግብ ያስጠላው፣ ቀድሞ የሚወደው ነገር ሁሉ ትርጉም ያጣበት፣ ከሰው የሸሸ ወይም መጠጥና ጫት ያበዛ ሰው ግን ከመናፈስ ያለፈ እርዳታ ያሻዋል። ብዙ ጊዜ ይህ ሰው ራሱን አይናገርም፤ የሚያስተውለው የትዳር ጓደኛ ወይም ጎረቤት ነው። እንዲህ ያለውን ሰው «በርታ» ብሎ ማለፍ አይበቃም፤ አብሮ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ይገባል። ራሱን ስለ መጉዳት የሚናገር ሰው ካለ ንግግሩ እንደ ቀልድ መታየት የለበትም፤ ብቻውን ሳይተዉት ወዲያው ወደ ሆስፒታል መውሰድ ግዴታ ነው።

ቀድሞ የአእምሮ ሕመም ኖሮበት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ስሜቱ ቀለል ስላለው መድኃኒቱን ማቋረጥ የለበትም። ወደ ገዳም ወይም ወደ ጠበል የሚሄድም ቢሆን መድኃኒቱን ይዞ ሊሄድና በሰዓቱ ሊወስድ ይገባዋል፤ ጸሎቱና ሕክምናው አብረው መሄድ ይችላሉ። ሐዘን የደረሰበት ቤተሰብ ደግሞ ለብቻው መታየት አለበት። ለቅሶ ተቀምጦ በብዙ ሰው መጽናናት የለመደ ኅብረተሰብ ቀባሪ ተቆጥሮ በሚፈቀድበት ጊዜ ሐዘኑ በውስጡ ይቀራል። በእነዚህ ቀናት አንድ የቅርብ ወዳጅ ርቀቱን ጠብቆ ሐዘንተኛውን በየማለዳው ለአጭር የእግር መንገድ ቢያወጣው፣ ጎን ለጎን የሚሄዱ ሰዎች ዐይን ለዐይን ሳይተያዩ መናገር ስለሚቀላቸው፣ በቤት ውስጥ ያልወጣው ቃል በመንገድ ላይ ይወጣል። ካልወጣም አብሮ ዝም ብሎ መራመድ ይበቃል።

በወረርሽኙ ወቅት ስለ ኮቪድ-19 ጥያቄ ያለው ወይም የሕመሙ ምልክት የታየበት ሰው በነጻ የስልክ መስመር 8335 ወይም 952 መደወል ይችል ነበር። ስልክ በማይደርስበት ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ማነጋገር ይገባል፤ ቤት ለቤት ስትዞር በግቢ ውስጥ በዛፍ ሥር ወንበር አውጥቶ መቀበል ለእርሷም ለቤተሰቡም ጤና ከሳሎን ይሻላል።